ክሽክሹስ ይሞታል፤ ሥራው ከዚያ በኋላ ነው

ጥያቄ፦ “ሰላም ወንድሜ። የምኖረው ደሴ፣ ገራዶ አካባቢ ነው። በረንዳ ላይ በባልዲና በሳጥን የተከልኩት ጽጌረዳና ቃሪያ አለኝ። ጓሮ ደግሞ ጥቂት መደብ ጎመንና አንድ የሎሚ ዛፍ። ዝናቡ ካባራ ወዲህ አዲስ የወጣውን ቀንበጥ ሁሉ ትንንሽ አረንጓዴ ነገር ወረረው። ቅጠሉ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ሎሚው ጥላሸት የተቀባ መስሏል፣ ጉንዳኑ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። አመድ ነሰነስኩበት፤ ለሁለት ቀን የጠፋ መስሎ ተመለሰ። ዱቄት ሳሙና በጥብጬ ስረጨው ደግሞ የጽጌረዳው ቅጠል ተቃጠለ። ጎረቤቴ ‘ማላታይን ርጪና ተገላገይ’ ትለኛለች። እኔ ግን ልጆች አሉኝ፣ ከጎመኑም ከቃሪያውም እንበላለን። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴም እንደኔው ተቸግራለች። ምን ይሻለኛል?”

መልስ፦

አብሽሪ እህቴ፣ ተክሎችሽ አይሞቱብሽም። የዘረዘርሽው ምልክት ሁሉ የአንድ ተባይ ሥራ ነው፤ ክሽክሽ ነው። የሚጣበቀው ነገር ክሽክሹ የተክሉን ጭማቂ ጠጥቶ የሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ጉንዳኑ የሚመላለሰው እሱን ለመላስ ነው። ሎሚው ላይ ያየሽው ጥላሸትም በዚያው ፈሳሽ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመዘዘው። ክሽክሽን መግደል ከባድ አይደለም። ገላው ለስላሳ ነው፣ በጣትሽ ስትጫኚው ይፈርጣል። ውሃ ያወርደዋል፣ ሳሙና ይገድለዋል። የሚያስቸግረው ቶሎ ቶሎ መተካቱ ነው። ሴቷ ወንድ አያስፈልጋትም። እንቁላል ጥላ እስኪፈለፈልም አትጠብቅም፤ ነፍስ ያለው ልጅ ትወልዳለች። የተወለደችው ደግሞ አየሩ ሞቅ ካለ በሳምንት፣ ቢዘገይ በ10 ቀን ራሷ መውለድ ትጀምራለች። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ብርዱ ሲገባ እንቁላል ጥለው ያልፋሉ። እኛ ዘንድ እንደዚያ ያለ ብርድ ስለሌለ ዓመቱን ሙሉ ሲዋለዱ ይከርማሉ። ስለዚህ ከ100 ክሽክሽ 95ቱን ገድለሽ 5 ብትተዪ፣ ትንሽ ቆይተሽ ስታዪው ያው ቀንበጥ እንደገና ተሞልቷል። አመዱ የከዳሽ በዚህ ምክንያት ነው።

እና የበረታ መርዝ አትፈልጊ። ደካማ የሚመስለውን ነገር ክሽክሹ ያለበት ቦታ ድረስ አድርሺው፣ ከዚያ ድገሚው። ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። አንዴ ይረጭና “አልሠራም” ብሎ ይተወዋል።

ከመጀመርሽ በፊት ቀንበጡን ገልብጠሽ እዪው። ክሽክሽ ከቅጠሉ ሥርና ከእምቡጡ አንገት ላይ ተጠጋግቶ ነው የሚቀመጠው። አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፣ አንዳንዴም ቀላ ያለ ሊሆን ይችላል። አተኩረሽ ካየሽው ከኋላው ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። አጠገቡ የተበተነ ነጭ ቅርፊት ታያለሽ። እሱ ሌላ ተባይ አይደለም፤ ሲያድግ የጣለው ቆዳው ነው። ስትነኪው ብር ብሎ የሚነሳ ነጭ ነገር ካለ ነጭ ዝንብ ነው። ጥጥ የመሰለ ነገር ከቅርንጫፉ መገጣጠሚያ ላይ ካለም ሌላ ተባይ ነው። ቅጠሉ በደቃቅ ነጠብጣብ ገርጥቶ ሥሩ ላይ ስስ ድር ካለበት ቀይ ሸረሪት ነው። ክንፍ ያላቸው ክሽክሾች ጣል ጣል ብለው ብታዪ ግን አትገረሚ። ቦታው ሲጣበባቸው ባለ ክንፍ ልጆች ይወለዳሉ፤ ወደ ጎረቤት ተክል የሚሄዱት እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ ውሃ ነው። ባልዲ ላይ ያለውን ተክል ጋደም አድርገሽ የቅጠሉን ሥር በውሃ ግፊት እጠቢው። ቧንቧሽ ግፊት ከሌለው የሃይላንድ ክዳን በምስማር ብሺና ጨምቂው፤ ይበቃል። አንዴ የወደቀ ክንፍ አልባ ክሽክሽ ተመልሶ ለመውጣት አብዛኛውን ጊዜ አይሆንለትም። ክረምት ላይ ችግሩ ቀንሶ ዝናቡ ሲያባራ የሚብሰውም ከዚህ የተነሳ ነው። የደሴ የሐምሌ ዝናብ ጠራርጎ ያወርደዋል፤ መስከረም ሲጠባ ለስላሳ ቀንበጥ ተትረፍርፎ ይጠብቀዋል።

ትንሽ የቃሪያ ባልዲ ከሆነች ደግሞ የተሻለ ዘዴ አለ። የባልዲውን አፍ፣ ግንዱን ከብበሽ፣ በፌስታል እሰሪው። አፈሩ እንዳይፈስ አንድ እጅሽን አፉ ላይ አድርጊ። ከዚያ ተክሉን ዘቅዝቀሽ ቅጠሉን በሳሙና ውሃ በተሞላ ሌላ ባልዲ ውስጥ ንከሪውና ቀስ ብለሽ አወዛውዢው። በመርጫ የማይደረስበት የቅጠል እጥፋት ሁሉ ይነካል። ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ስታዪ ምን ያህል እንደነበረ ይገባሻል።

ወደ ሳሙናው እንምጣ። የጽጌረዳሽን ቅጠል ያቃጠለው ሳሙና መሆኑ ሳይሆን ዱቄት መሆኑ ነው። የልብስ ዱቄት ውስጥ እድፍ የሚያስለቅቅ ሶዳና ሌላ ሌላ ጨው አለ፤ ቅጠል ያንን አይችልም። ሽቶና ማንጫ ያለበትንም ተዪው። የምትፈልጊው ተራ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ወይም ቁራጭ የልብስ ሳሙና ነው። ፈሳሽ ከሆነ ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ጨምረሽ ጀምሪ። ካልበቃ እስከ 2 ማድረስ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ አትሂጂ። ቁራጭ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ፍቀሽ በሞቀ ውሃ አሟሚው፣ በስስ ጨርቅ አጥልይው፣ ሲቀዘቅዝ ተጠቀሚ። ውሃሽ ጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ዓይነት ከሆነ ሳሙናው አይሰማማውም፣ ነጭ ዝቃጭ ሠርቶ ይሰባሰባል። እንዲያ ከሆነ ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻልሻል።

ሳሙና የሚገድለው እርጥብ ሳለ፣ ክሽክሹን ራሱን ሲነካው ብቻ ነው። ከደረቀ በኋላ የሚመጣውን አይጠብቅም። ለዚህ ነው ከላይ ከላይ መርጨት ከንቱ ድካም የሚሆነው። የቅጠሉን ሥር እስኪንጠባጠብ አርጥቢው። በጠራራ ፀሐይ አትርጪ፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ቅጠሉንም ያቃጥላል። እንደ ደሴ ላለ ብርዳም ከተማ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው። ፀሐዩ በርዷል፣ ቅጠሉ ደግሞ ሳይመሽ ይደርቃል። እርጥብ ሆኖ ያደረ ጽጌረዳ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣው በሽታ ይይዘዋል። አፈሩ ውሃ የጠማው ተክል ላይም አትርጪ፣ በዋዜማው አጠጪው። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቅጠል ላይ ሞክሪና አንድ ቀን ጠብቂ። ሳይቃጠል ካደረ ቀጥዪ፤ በማግስቱ ጠዋት በንጹሕ ውሃ ብታለቀልቂው ደግሞ ጥሩ ነው።

በየ5 ቀኑ ሦስት ጊዜ ያህል ድገሚው። የተረፉት እናቶች የወለዱትን ሳያድጉ ትደርሺባቸዋለሽ። ኮምቦልቻ ያለችው እህትሽ በየ4 ቀኑ ታድርገው። ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ እዚያ ክሽክሹም ይፈጥናል፣ ቅጠሉም ቶሎ ይቃጠላል። እሷ በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ትርጭ።

አሁን ጉንዳኑ። አብዛኛው ሰው ጉንዳኑን እንደ ታዛቢ ነው የሚያየው፤ እንደዚያ አይደለም። ጉንዳን ክሽክሹን ይጠብቃል፣ ጠላቶቹን ያባርርለታል፣ አንዳንዴ ራሱ ተሸክሞ ወደ አዲስ ቀንበጥ ያዛውረዋል። ጉንዳኑን ሳትቆርጪ ሎሚውን ብትረጪ ድካምሽ ግማሹ ባከነ። የሎሚውን ግንድ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ እሰሪና ፕላስቲኩ ላይ ግሪስ ቀቢ። ግሪሱን በቀጥታ ልጡ ላይ እንዳታደርጊው፤ ግንዱን ይጎዳል። ግድግዳ ወይም አጥር የነካ ቅርንጫፍ ካለ ቁረጪው፣ አለዚያ ጉንዳኑ በዚያ ዞሮ ይገባል። የበረንዳውን ባልዲ ደግሞ ውሃ ባለበት ሰፊ ሳህን ላይ፣ ከሥሩ ድንጋይ አድርገሽ አስቀምጪው። ባልዲው ራሱ ውሃው ውስጥ እንዳይዘፈቅ፤ ሥሩ ይበሰብሳል።

ጉንዳኑ ሲቀር የሚመጡትን እንግዶች ማወቅ አለብሽ። ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ክብ ጥንዚዛ ታውቂያታለሽ፤ ልጆች እጃቸው ላይ ያስኬዷታል። እሷ ክሽክሽ በላ ናት። ልጇን ግን ሰው አያውቀውም። ረዘም ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ ብርቱካናማ ነጥብ ጣል ጣል ያለበት፣ የአዞ ጫጩት የሚመስል ፍጡር ነው። ሰው ይህንን አይቶ “ዋናው ተባይ ተገኘ” ብሎ በጫማው ይጨፈልቀዋል። ኧረ ተዪው! በቀን በአስር የሚቆጠር ክሽክሽ ይበላልሻል። ሌላ ደግሞ እይ፤ ከክሽክሹ መሀል አበጥ ያለ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ቆዳው እንደ ወረቀት ደርቆ ቡናማ ወይም ወርቃማ የሆነ ካለ ሞቷል። ውስጡ የአንዲት ደቃቅ ተርብ ልጅ እያደገ ነው። ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ ተርቧ ወጥታ ሌላ ፍለጋ ሄዳለች ማለት ነው። እንዲህ ያለው የበዛበትን ቀንበጥ ሳሙና አትርጪው፤ ሳሙና ክሽክሹንና ለስላሳ ገላ ያላቸውን ወዳጆቹን ለይቶ አያውቅም። ቀስ ብለሽ በውሃ ብቻ እያጠብሽ ሳምንት ታገሺው።

ድንብላልና እንስላል ጓሮሽ ካለ ጥቂቱን ሳትነቅዪ አበባ እንዲያወጣ ተዪው። ተርቧም ሌሎቹም ካበባው ይቀልባሉ፣ ልጆቻቸውን ግን ክሽክሹ ያለበት ያሳድጋሉ።

ዩሪያ ትጨምሪያለሽ? አልነገርሽኝም፣ ግን እጠረጥራለሁ። ብዙ ሰው ከእርሻ የተረፈች ዩሪያ ካገኘ በረንዳ ላይ ባለች ባልዲ ጨበጥ አድርጎ ይበትናል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ተክሉ ጠግቦ ለስላሳ፣ ጭማቂ የሞላው ቀንበጥ ያወጣል። ለዓይን ያምራል፣ ለክሽክሽ ደግሞ የተዘረጋ ገበታ ነው። ወረራው እስኪበርድ አቁሚው፣ ከዚያም በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይበቃሻል።

አንድ በአንድ ልሂድ። ጽጌረዳው ቀላሉ ነው። ክሽክሽ የሸፈነውን የእምቡጥ ጫፍ ቁረጪ፣ በፌስታል አስሪና ጣዪ፤ ሌላ ያወጣል። የተቃጠለው ቅጠል አይመለስም፣ ግን ከሥሩ አዲስ ይወጣል።

ጎመኑ ከበድ ይላል። የጎመን ክሽክሽ ግራጫ ነው፣ ላዩ ላይ ሰም መሰል ዱቄት አለው፤ ውሃውን ያንሸራትተዋል። የሳሙናውን ውሃ ስትረጪበት ጠብታው ተንከባልሎ ሲወርድ ታያለሽ። እዚህ ላይ መጀመሪያ በጣትሽ ጥረጊው፣ ከዚያ ሳሙናውን በእርጥብ ጨርቅ አሻሺው። የተኮማተረውን ቅጠል አውጥተሽ ጣዪ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ቅጠሉ ተለቅሞ ያለቀውን ያረጀ ግንድ መደቡ ላይ አታቆዪው። ብዙ ጓሮ ውስጥ ክሽክሹ ከወቅት ወደ ወቅት የሚሻገረው በዚያ ግንድ ነው። ቅጠሉን ለወጥ ስትፈልጊ ሳሙና በነካው ማግስት በደንብ አጥበሽ መብላት ትችያለሽ። ጨው ጣል ባለበት ውሃ ብትዘፈዝፊው የተደበቀውም ይለቃል።

ቃሪያውን በተለየ ዓይን እዪው። ክሽክሽ ጭማቂ ከመጠጣቱ በላይ የቫይረስ በሽታ ያመላልሳል። ቅጠሉ ቢጫና አረንጓዴ እየተዥጎረጎረ፣ እየተጨማደደ፣ ተክሉ ድንክ ሆኖ ከቀረ መድኃኒት የለውም። ነቅለሽ አስወግጂው፣ ዘሩንም አታስቀሪ። እዚህ ላይ መርዝም አይረዳም። ክሽክሹ በሽታውን የሚያስተላልፈው አፉን በሰካ በጥቂት ደቂቃ፣ አንዳንዴም በሰከንዶች ውስጥ ስለሆነ፣ መርዙ ሳይገድለው ሥራውን ጨርሷል።

ሎሚው ላይ የተጠቀለለውን ቅጠል ነው የምፈራው። አንዴ የተጠቀለለ ቅጠል አይዘረጋም፣ ውስጡ ያለውንም ክሽክሽ ውሃ አያገኘውም። በእኛ ደጋ፣ በለጋምቦና በደላንታ በኩል፣ ገብስ ላይ የሚወርደው ክሽክሽ እንደዚሁ ነው የሚያደርገው። ቅጠሉን እንደ ቱቦ ይጠቀልለዋል፣ ነጭ ሰንበር ያወጣበታል፣ ውስጡ ተደብቆ ይቀመጣል። በተለይ በልጉ ዝናብ ሲያጥረው ይብሳል። ገበሬው ያንን ሁሉ ማሳ በእጁ አይለቅምም፤ አንቺ ግን አንድ ሎሚ ነው ያለሽ። የተጠቀለለውን ጫፍ በመቀስ ቁረጪው። ጥላሸቱን በሳሙና ውሃ በነከርሽው ጨርቅ ጥረጊው፤ ክሽክሹ ከጠፋ አዲስ አይመጣም።

ሰው የሚመክርሽን ሌላ ሌላ ነገርም ልናገር። አመድ በጠዋት ጤዛ ላይ ሲነሰነስ ትንሽ ያግዛል፣ ግን ቶሎ ይረግፋል። ባልዲ ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ አፈሩን ያበላሻል፤ ለጓሮው ይሁን፣ በረንዳው ላይ ግን አትነስንሺው። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ በሳሙና በጥብጠው የሚረጩ አሉ፤ በእኔ ግምት ሥራውን የሚሠራው ሳሙናው ነው፣ ሚጥሚጣው ዓይንሽን ነው የሚያቃጥለው። የትምባሆ ውሃ አደራሽን እንዳትረጪ፣ በተለይ ልጆች ባሉበት። ኒኮቲን በቆዳ የሚገባ ከባድ መርዝ ነው፣ ትምባሆው ራሱም የቃሪያና የቲማቲም ቫይረስ ሊያመጣ ይችላል።

እንዶድ አረፋው ጥሩ ስለሆነ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ኃይሉን አልክድም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆቹ በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ነው ቀንድ አውጣ በሚያዛምተው በሽታ፣ በቢልሃርዝያ ላይ ምርምሩን የጀመረው። ግን ቀንድ አውጣና ዓሣ የሚገድል ነገር በልክ ሳይሰፈር ለወጥ በሚሆን ጎመን ላይ እንዲረጭ አልመክርም። የኒም ዛፍ ፍሬ ይሻላል። ወደ ቆላ የሚሄድ ሰው ካለሽ ፍሬውን ያምጣልሽ። የደረቀውን ፍሬ ፈልፍለሽ 50 ግራም ያህል ውቀጪ፣ በ1 ሊትር ውሃ አሳድሪው፣ አጥልይና ጥቂት ሳሙና ጠብ አድርገሽ በዚያው ቀን ርጪው። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ጠዋት ረጭተሽ ማታ ሬሳ አትቁጠሪ።

የጎረቤትሽ ማላታይንስ? ክሽክሽ ይገድላል፣ እሱን አልክድም። ግን ጥንዚዛዋንም ተርቧንም ንቧንም አብሮ ይገድላል። ክሽክሹ ከጎረቤት በክንፉ ይመለሳል፤ የሚበሉት ግን እንደሱ ቶሎ አይተኩም። ስለዚህ ከረጨሽ በኋላ የሚመጣው ወረራ ከበፊቱ ሊብስ ይችላል። በረንዳ ላይ፣ ልጆች በሚጫወቱበት፣ ነገ በሚቆረጥ ጎመን ላይ አይሆንም። ጎረቤትሽን አታስቀይሚያት፣ ግን አትርጪ። አንድ ቀን ለጽጌረዳ ብቻ የግድ ቢሆን እንኳን ፈቃድ ካለው ሱቅ፣ በራሱ ዕቃ የታሸገ፣ ጽሑፉ የሚነበብ ብቻ ግዢ። ገበያ ላይ በሃይላንድ ተገልብጦ የሚሸጠውን ነገር ቤትሽ አታስገቢ፤ ልጅ ለስላሳ መስሎት ይጠጣዋል። የመርጫውን እጣቢም ቱቦ ውስጥ አትድፊ። ከደሴ የወረደ ውሃ ቦርከና ነው የሚገባው፣ ቦርከና ደግሞ እህትሽ ከተማ በኩል ነው የሚያልፈው።

ከዚህ በኋላ በሳምንት አንድ ጠዋት ቡናው እስኪፈላ በየቀንበጡ ሥር ዓይንሽን ጣል አድርጊ። አምስት ስድስት ክሽክሽ ካየሽ በጣትሽ ጨፍልቂው፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም። አዲስ ችግኝ ስትገዢ ደግሞ ከሌሎቹ ለይተሽ አሥር ቀን ያህል ብቻውን አቆዪው። ሦስቱን ዙር ጨርሰሽ ካልቀነሰ የቅጠሉን ሥር በቀን ብርሃን፣ ከሳንቲም ጎን አድርገሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። የትኛው ተክል ላይ እንደሆነና ጉንዳን መኖር አለመኖሩንም ጻፊልኝ።